የእግር መስመርና ጉልበት ማስቀየር፦ ለወላጆቻችን ብለን ልናውቀው የሚገባ



ውድ እህቶችና ወንድሞች! ሴሚስተር አልቆ ወደየቤታችን ስንመለስ ብዙዎቻችን የምናስተውለው ነገር አለ። ከፈጅር በፊት ተነስተው ሲሰግዱ የምናውቃቸው እናቶቻችን አሁን ከሱጁድ የሚነሱት ግድግዳ ወይም ወንበር ይዘው ነው። አባቶቻችን «ዛሬስ እቤት ልስገድ» ማለት አብዝተዋል። ከገበያ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ይቆማሉ፤ ማታ ጉልበታቸውን ቅባት ያሻሉ። ምን ሆናችሁ ብንላቸው መልሱ አንድ ነው፤ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው»።

ኡሳማ ቢን ሸሪክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው እንታከም ወይ ብለው እንደጠየቋቸው እናገኛለን። እርሳቸውም እንዲታከሙ ነገሯቸው፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ፣ ከዚህ የሚለየው እርጅና ብቻ እንደሆነም አስረዷቸው። እንግዲህ አንድን ሕመም «እርጅና ነው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት፣ በእርግጥ እርጅና ነው ወይስ ሰበብ ሊደረስለት የሚችል በሽታ ነው ብለን ማጣራት ይኖርብናል። የጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ዕድሜ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት እናቶች አንዷ ዳገት ወጥታ ስትመለስ ሌላዋ ከደጃፏ መራቅ ሊያቅታት ይችላል። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ክብደት በጉልበት ውስጥ የሚያልፍበት መስመር ነው።

በዚህ ትምህርት የእግር መስመር ምን እንደሆነ፣ ጉልበትን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ጉልበት በቀዶ ሕክምና ሲቀየር ደግሞ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚወስን እናያለን። መጨረሻ ላይ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን እናስቀምጣለን፤ ስለ ሶላትም ጥቂት እንላለን።

መስመሩ ምንድን ነው?

ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያውቀው ቱምቢ ጥሎ ነው። የአጥንት ሐኪሞችም ለእግር ተመሳሳይ መለኪያ አላቸው። ሰውየው ቆሞ እያለ፣ ዳሌ ውስጥ ካለው የጭን አጥንት ራስ መሐል ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚት መሐል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በራጁ ላይ ይሰመራል። «የክብደት መስመር» እንበለው። በቀጥተኛ እግር ይህ መስመር የሚያልፈው በጉልበቱ መሐል ወይም ከመሐሉ ጥቂት ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ነው።

አንዳንድ ሰው ቁርጭምጭሚቶቹን አገናኝቶ ሲቆም በጉልበቶቹ መካከል ክፍተት ይታያል፤ እግሩ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጧል ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን «ቫረስ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ የክብደት መስመሩ ወደ ጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ይሸሻል። ሌላው ደግሞ ጉልበቶቹ ይነካኩና ቁርጭምጭሚቶቹ ይራራቃሉ። ይህ «ቫልገስ» ይባላል፤ መስመሩም ወደ ጉልበቱ ውጨኛ ጎን ይሄዳል።

መጠኑ የሚለካው በዲግሪ ነው። የጭኑ መስመርና የቅልጥሙ መስመር ጉልበት ላይ ሲገናኙ 180 ዲግሪ ከሆኑ እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ሦስት ዲግሪ መዛባት ትንሽ ይመስላል። ግን ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅልጥም በ3 ዲግሪ ቢዘም ታችኛው ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ይርቃል። ከታች በዓይን የሚታየው ይህ ርቀት ከላይ ጉልበቱ ውስጥ በየእርምጃው ጭነት ሆኖ ይቆጠራል።

ጉልበት በአንድ ጎኑ ለምን ይበላል?

ሶዶ ከተማ ውስጥ ባለ ጋራዥ ቆም ብላችሁ ከመኪና የወለቁ ጎማዎችን ተመልከቱ። አንዳንዱ ጎማ ግማሽ ፊቱ አዲስ ይመስላል፤ ሌላው ግማሽ ግን ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል። መካኒኩ ጎማውን አይወቅስም፤ «አላይመንቱ ተዛብቷል» ይላል። የአጥንት ሐኪሞችም ለእግር የሚጠቀሙበት ቃል ይኸው ነው።

በጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትና ቅልጥም በቀጥታ አይነካኩም። ጫፎቻቸው ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን ተሸፍነዋል። በሜዳ ስንራመድ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል፤ ደረጃ ወይም ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ ከ3 እጥፍ ያልፋል። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቷ ላይ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ታሳርፋለች ማለት ነው። በቀጥተኛ እግርም ቢሆን ከዚህ ጭነት የሚበዛውን የሚሸከመው የጉልበት ውስጠኛ ጎን ነው። እግሩ ወደ ውጭ ሲጎብጥ ይህ ጎን የበለጠ ይጫነዋል። የወላይታን ዳገትና ቁልቁለት ሸክም በጀርባዋ አድርጋ ዓመታት የወጣችና የወረደች ሴት ምን ያህል ጊዜ ይህን ጭነት እንደተቀበለች አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን 230 ሰዎች ለ18 ወራት የተከታተለ ጥናት ታተመ። እግራቸው ወደ ውጭ በጎበጠው ሕመምተኞች የጉልበታቸው ውስጠኛ ጎን የመባባስ ዕድሉ በ4 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ በዘመመው ላይ ደግሞ የውጨኛው ጎን የመባባስ ዕድል ወደ 5 እጥፍ ተጠጋ። በዚህ ላይ ክፉ አዙሪት አለ። ካርቲሌጁ በአንድ ጎን ሲያልቅ እግሩ ወደዚያው ጎን የበለጠ ይዘማል፤ በዘመመ ቁጥር ጭነቱ ይጨምራል፤ ጭነቱ ሲጨምር ካርቲሌጁ ይበልጥ ያልቃል።

መዛባቱ ከየት ይመጣል?

ለብዙዎች ተፈጥሯቸው ነው። በሽታ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ እዚህ ላይ እህትና ወንድሞቻችንን፣ ልጆቻችንንም የሚመለከት ነገር ስላለ ልብ እንበል።

ሕፃናት ሲወለዱ እግራቸው ጎበጥ ያለ ነው፤ እስከ 2 ዓመት ገደማ ይህ ጤናማ ነው። ከዚያ በ3 እና በ4 ዓመታቸው ጉልበቶቻቸው ይነካካሉ። ወደ 7 ዓመት ሲጠጉ የአዋቂ ቅርጽ ይይዛሉ። ይህን ቅደም ተከተል በፊንላንድ ከ1,000 በላይ ሕፃናትን በራጅ የለኩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይተዋል። ስለዚህ በየዋህነት የልጅን እግር በጨርቅ አስሮ «ማቃናት» አያስፈልግም። ሐኪም ማየት ያለበት መጉበጡ ከ2 ዓመት በኋላም ሲቀጥል፣ ሲብስ፣ ወይም በአንድ እግር ብቻ ሲታይ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሪኬትስ ነው። የ13 ወር ፀሐይ አለን በምንልበት አገር ሕፃናትን ተጠቅልለው ቤት ውስጥ በማዋላችን ቫይታሚን ዲ ያጥራቸዋል፤ አጥንታቸው ይለሰልሳል፤ መራመድ ሲጀምሩ ይጎብጣል። በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒትና በምግብ ይስተካከላል። ለከበደው የሕፃናት እግር መዛባት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ሌላው ምክንያት ስብራት ነው። በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ አደጋ ቅልጥሙ የተሰበረ ወጣት አጥንቱ ዘሞ ከገጠመ ሕመሙ ይጠፋና «ድኛለሁ» ይላል። ጉልበቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጎን ይጫናል፤ ሂሳቡ የሚመጣው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ወጌሻዎቻችን ለማኅበረሰቡ የሚሰጡት አገልግሎት እንዳለ ሆኖ፣ የተሰበረ አጥንት ቀጥ ብሎ መግጠሙ የሚታወቀው በራጅ ብቻ ነው። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል።

ጉልበት መቀየር ሲባል ምን ይደረጋል?

ብዙ ወላጆች «ጉልበት ይቀየራል» ሲባሉ እግራቸው ተቆርጦ ሌላ የሚገባ ይመስላቸዋል፤ ይደነግጣሉም። እውነቱ ከዚህ ቀለል ይላል። ሐኪሙ የተበላውን የአጥንት ጫፍ በስሱ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ውፍረት፣ ከላይም ከታችም ይቆርጣል። የጭኑን ጫፍ በብረት ቆብ ይሸፍናል። በቅልጥሙ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያስቀምጣል። በሁለቱ መካከል የካርቲሌጅን ሥራ የሚሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብረቶቹ ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙት በአጥንት ሲሚንቶ ነው። ጡንቻው፣ ቆዳውና አብዛኞቹ ጅማቶች የራሱ የሕመምተኛው ናቸው።

የዛሬዎቹ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ቅርጽ የተወረሰው ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ላይ ካዋሉት ዓይነት ነው። ኢንሶል ያስተማረው ሕግ የግንበኛ ሕግ ይመስላል፦ ሁለቱንም አጥንቶች ከክብደት መስመሩ አንጻር በውሃ ልክ ቁረጥ፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ይውጣ። ከዚያ ወዲህ ከ180 ዲግሪ በግራም በቀኝም ከ3 ዲግሪ ያልበለጠ መዛባት የጥሩ ሥራ መለኪያ ሆኖ ቆየ።

መስመሩ ውጤቱን ምን ያህል ይወስናል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። መልሱ በሁለት ደረጃ የመጣ ነው፤ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ጥናት ነው። 115 የተቀየሩ ጉልበቶች ለዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። የክብደት መስመሩ በጉልበቱ መካከለኛ ሲሶ ባለፈባቸው ላይ ሰው ሠራሹ አካል የላላው በ3 በመቶ ብቻ ነበር። መስመሩ ከመካከለኛው ሲሶ በወጣባቸው ላይ ግን 24 በመቶው ላላ። ምክንያቱ ከላይ ካየነው አይለይም፤ ጭነቱ በአንድ ጎን ሲበዛ ፕላስቲኩ ይፋቃል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ይደቃል፣ ሲሚንቶው ይለቃል። የተበላውን ጎማ ቀይሮ አላይመንቱን ሳያስተካክሉ መንዳት እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የወጣ ጥናት ነው። 398 ጉልበቶች ከ15 ዓመት በኋላ ተመረመሩ። በ3 ዲግሪ ክልል ውስጥ ከነበሩት 292 ጉልበቶች 15.4 በመቶው በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ከክልሉ ከወጡት 106 ጉልበቶች ደግሞ 13 በመቶው። ልዩነት አልተገኘም ማለት ነው። ይህ ውጤት ብዙ ሐኪሞችን አስገረመ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የቤልጂየም ሥራ ነገሩን በከፊል አብራራው። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 27 የሆነ፣ ጉልበታቸውን የማያማቸው 250 ወጣቶች ተለኩ። ከወንዶቹ 32 በመቶ፣ ከሴቶቹ 17 በመቶ የሚሆኑት በተፈጥሯቸው 3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወደ ውጭ የጎበጠ እግር ነበራቸው። እንግዲህ ለአንዳንድ ሰው «ቀጥ ያለ» እግር አላህ የፈጠረው የራሱ እግር አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው በግድ 180 ዲግሪ ማድረግ ጅማቶቹን ሊያዛባ፣ ጉልበቱንም የእንግዳ ጉልበት ሊያደርግበት ይችላል። ከዚህ የተነሳ አንዳንድ ሐኪሞች የሕመምተኛውን የቀድሞ መስመር ለመመለስ የሚሞክር ሌላ ስልት ይከተላሉ። ሁለቱን ስልቶች በኒውዚላንድ 99 ጉልበቶች ላይ በዕጣ ያነጻጸረ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ2 ዓመት በኋላ በመካከላቸው ልዩነት አላገኘም።

እንግዲህ መስመር አይጠቅምም ልንል ነው? አይደለም። የማዮ ክሊኒክ ጉልበቶች በተካኑ እጆች የተሠሩ ነበሩ። ከ6,000 በላይ ጉልበቶችን ያየ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የቅልጥሙ ክፍል ወደ ውስጥ ዘሞ ሲገባና ሕመምተኛው ከመጠን በላይ ሲወፍር የመበላሸት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከእነዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ በግልጽ የተዛባ እግር እንደተዛባ ከተተወ የተቀየረው ጉልበት ዕድሜው ያጥራል፤ ነገር ግን የውጤት መለኪያው በራጅ ላይ የምትታየዋ ዲግሪ ብቻ አይደለችም። የጅማቶቹ ውጥረት በሁለቱም ጎን መመጣጠኑ፣ ብረቶቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዞረው አለመግባታቸው፣ የጉልበት ሎሚ በቦታው መሄዱ፣ ኢንፌክሽን አለመግባቱና ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንቅስቃሴውን በትጋት መሥራቱ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ይህ ለእኛ አገር የበለጠ ክብደት አለው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ውድ ዕቃ ነው። የላላን ጉልበት አውጥቶ እንደገና መቀየር ደግሞ ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ፣ ብዙ አጥንት የሚያሳጣና ወጪው የበዛ ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ ያሠራው ጉልበት በጥቂት ዓመት ቢላላ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል። በመልካም ከተሠራ ግን ተስፋው ትልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውስትራሊያና የፊንላንድ መዝገቦች ስሌት፣ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። እውነቱን ሙሉ ለመናገር ደግሞ፣ ከአምስት ሕመምተኞች አንዱ ያህል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሙሉ በሙሉ አይረካም። ወላጆቻችን ይህንንም አውቀው ቢወስኑ ይሻላል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ ሰበብ

ጉልበት ያመመው ሁሉ ጉልበት አያስቀይርም። የሰውነት ክብደት መቀነስ፣ የጭን ፊት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ምርኩዝ መያዝ ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣሉ። እናቶቻችን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ በየቀኑ የሚወስዱት ዲክሎፌናክና መሰል ማስታገሻ ግን ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ገና በጉልምስና ላይ ላለ፣ ጉልበቱ በአንድ ጎን ብቻ ለተበላ ሰው ሌላ መንገድም አለ። ሐኪሙ ጉልበቱን ሳይቀይር ቅልጥሙን ከላይ በኩል ቆርጦ መስመሩን ወደ ጤናማው ጎን ያዞረዋል። ይህ የራስን ጉልበት ለዓመታት ሊያቆይ ይችላል። አባታችሁ ገና የሚያርሱ ገበሬ ከሆኑ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ሶዶ የምንማር ተማሪዎች ዕድለኞች ነን። የዩኒቨርሲቲያችን ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በከተማው አለ። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም በአጥንት ቀዶ ሕክምና ከሩቅ አካባቢ ሕመምተኛ የሚመጣበት ነው። ጉልበት መቀየር በየሆስፒታሉ የሚሠራ ሕክምና ስላልሆነ ግን መጀመሪያ በአቅራቢያ ያለ የአጥንት ስፔሻሊስት አይቶ የት መሄድ እንደሚሻል ቢመራ ይመረጣል። ወላጆቻችንን ይዘን ስንቀርብ የሚከተሉትን እንጠይቅ፦

1. ሕመሙ ከጉልበት ነው ወይስ ከዳሌ ወይም ከወገብ የመጣ? የዳሌ በሽታ ጉልበት ላይ ሊያም ይችላል።
2. ራጁ ቆመው የተነሳ ነው? ተኝቶ የተነሳ ራጅ የካርቲሌጁን ማለቅም የእግሩን መዛባትም ይደብቃል። ለቀዶ ሕክምና ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ረጅም ራጅ ቢገኝ የተሻለ ነው።
3. እግሩ ስንት ዲግሪ ተዛብቷል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መስመሩ የት እንዲሆን ታስቧል?
4. ሐኪሙ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል?
5. ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለ ምን ያህል መስተካከል አለበት? የተበላሸ ጥርስ ወይም የእግር ቁስል ካለ መጀመሪያ መታከም የለበትም ወይ?
6. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተላል? ሰፈራችን ሩቅ ከሆነስ?

እነዚህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ስለ ሶላት

ብዙ ወላጆች ቀዶ ሕክምናን የሚሸሹት «ሱጁድ ማድረግ ካልቻልኩ ምን ዋጋ አለው» ብለው ነው። ሌሎች ደግሞ በሕመም እየተሰቃዩ ወንበር ላይ መስገድን እንደ ጉድለት ያዩታል። በሁለቱም በኩል እውነቱን እንንገራቸው።

ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ጉልበት 150 ዲግሪና ከዚያ በላይ መታጠፍ አለበት። የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ እንደ ድሮው ተረከዛቸው ላይ አይቀመጡም፤ እግርን ዘርግቶ ወይም ወንበር ላይ መስገድ ያስፈልጋቸዋል። መንበርከክ ለብዙዎች ምቾት አይሰጥም፤ ከጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳም ይደነዝዛል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በለስላሳ ምንጣፍ ላይ መንበርከክ ይቻል እንደሆነ የሠራላቸውን ሐኪም ይጠይቁ።

ዲኑ በዚህ ላይ ሰፊ ነው። ዒምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ነበረባቸው፤ ስለ ሶላታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ተቀምጦ በምልክት የሚሰግድ ሰው የሱጁዱን ማጎንበስ ከሩኩዑ ዝቅ ያደርጋል። መቆም የሚችል ግን መንበርከክ የማይችል ሰው እንዴት ይስገድ በሚለው መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ በፋሻ ላይ ስለማበስም ኡለማዎች የተነተኑት አለ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠይቀን ለወላጆቻችን ብንነግራቸው ልባቸው ያርፋል። በመስጂድም ወንበር ለሚፈልጉ አባቶች ሰፉን በማያውክ ቦታ እናዘጋጅላቸው፤ ወንበር ላይ የሚሰግደውን ሰው በዓይናችን አናስከፋው።

ውድ ተማሪዎች! በሚቀጥለው ዕረፍት ቤት ስትደርሱ እናታችሁን ከፊት ለፊት ሆናችሁ ስትራመድ ተመልከቱ። ጉልበቷ ወደ ውጭ ይሸሻል? ከዓምናው በልጧል? ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅሳታል? እንዲህ ከሆነ «እርጅና ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ፤ ቆማ ራጅ ትነሳ። ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው። ወላጆቻችን በልጅነታችን እግራችን ቀጥ እንዲል እጃችንን ይዘው አራምደውናል፤ ዛሬ ተራው የእኛ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወላጆቻችን ሁሉ ሙሉ ሺፋ ይስጥልን፤ የምንማረውን ዕውቀትም ለእነርሱና ለሕዝባችን የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።